የመጀመሪያው ማስታወቂያ ሐቀኛ ነበርን? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን የታተመ ማስታወቂያን አጀማመር የሚተርክ ጽሑፍ በብዙ ሰው እጅ ሲዘዋወር አየሁና አነበብኩት። ጸሐፊው እንደለፉበት ያስታውቃል፤ አጻጻፋቸውም ያማረ ነው። ታሪኩ ግን ከመሠረቱ የተዛባ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላሉ፦ ማስታወቂያ የተጀመረው በጥንታዊት ግብፅ በፓፒረስ ነው፤ የመጀመሪያው የታተመ ማስታወቂያ በ1704 ቦስተን ከተማ በጋዜጣ ወጣ፤ አሜሪካዊው አታሚ ቤንጃሚን ፍራንክሊን አሳደገው፤ ጋዜጦች ከማስታወቂያ ገንዘብ ማግኘት የጀመሩት በ1836 ፓሪስ ላይ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ማስታወቂያ "ይህ ዕቃ እዚህ አለ" የሚል ቅን መረጃ ብቻ ነበር፤ ውሸት የገባበት ፋብሪካና ትልልቅ ኩባንያ ከመጡ ወዲህ ነው።

ብዕር ያስነሳኝ የመጨረሻው ሐሳብ ነው። የቀሩት የዓመተ ምሕረት ስሕተቶች ናቸው፤ ይታረማሉ። ማስታወቂያ በንጽሕና ተወልዶ በኋላ ተበላሸ የሚለው ተረት ግን አንባቢን ያዘናጋል። ትልቅ ኩባንያ ያሳተመውን ብቻ እንዲጠረጥር፣ ከአንድ ትንሽ ሱቅ በራሪ ወረቀት ሲሰጠው ደግሞ አምኖ እንዲቀበል ያደርገዋል። የጥንቶቹ ወረቀቶች ራሳቸው ግን ሌላ ነገር ይመሰክራሉ። እነሱን እያየን ጽሑፉ ባስቀመጠው ቅደም ተከተል እንሂድ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ግብፁ ፓፒረስ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ጸሐፊው ቴብስ ተገኘ የሚባለውን ፓፒረስ ያነሣሉ፤ ሃፑ የተባለ ሸማኔ የጠፋበትን ባሪያ ላመጣለት ሰው ወርቅ እሰጣለሁ ሲል በዚያው የሱቁን ጨርቅ ያወደሰበት ነው ይላሉ። የትኛው ቤተ መዘክር እንዳስቀመጠው፣ በስንት ቁጥር እንደ ተመዘገበ ግን አልጠቀሱም። መኖሩ የማያጠራጥር ተመሳሳይ ሰነድ ከተፈለገ በፓሪሱ ሉቭር ያለው የእስክንድርያ ፓፒረስ አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ156 የተጻፈ ሲሆን ሄርሞን የተባለ 18 ዓመት ገደማ የሆነው ሶርያዊ ወጣት ከጌታው እንደ ጠፋ ያስታውቃል፤ ይዞ ለሚያመጣውም ወሮታ ይመድባል። ይሁንና ሁለቱም በእጅ የተጻፉ ናቸው። በእጅ የተጻፈውንም በአፍ የተነገረውንም ማስታወቂያ ካልን እያንዳንዱ አዋጅ ነጋሪ ይገባበታልና መጀመሪያውን ማንም አያገኘውም። የጽሑፉ ርእስ የታተመ ማስታወቂያ ስለሆነ ከኅትመት እንጀምር።

ስለ ቦስተንና ስለ 1704

ጸሐፊው ያነሡት የቦስተን ኒውስ ሌተር ታሪክ በራሱ እውነት ነው። የከተማው ፖስታ ቤት ኃላፊ ጆን ካምቤል በሚያዝያ 1704 ጋዜጣውን ሲጀምር በመጀመሪያው እትም ላይ ጥሪ አድርጓል፤ የሚሸጥ ወይም የሚከራይ ቤት፣ መሬት፣ መርከብ፣ ሸቀጥ ያለው፣ አገልጋይ የጠፋበት፣ ዕቃ የተሰረቀበት ሁሉ ከ12 ፔንስ እስከ 5 ሺሊንግ ከፍሎ ማሳወጅ ይችላል ይላል። ይህ ግን በሰሜን አሜሪካ ላለው ጋዜጣ መጀመሪያ ነው እንጂ ለዓለም አይደለም። ከዚያ በፊት 200 ዓመት ከምናምን የታተመ ማስታወቂያ በአውሮፓ ነበር፤ በቻይና ደግሞ ከዚያም ይቀድማል።

የቻይናውን ላስቀድም። ቤይጂንግ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ የነሐስ ማተሚያ ሰሌዳ አለ። ከ960 እስከ 1279 በቆየው በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ጂናን ከተማ ውስጥ የነበረ፣ የሊዩ ቤተሰብ የሚባል የመርፌ ሱቅ ያሠራው ነው። ከላይ የሱቁ ስም፣ መሃል ላይ ዘነዘና ይዛ የምትወቅጥ ጥንቸል፣ ከጥንቸሏ ግራና ቀኝ ደግሞ "በራችን ላይ ያለችውን ነጭ ጥንቸል ምልክት አድርጋችሁ ለዩን" የሚል ቃል ተቀርጿል። ከታች ያለው ጽሑፍ ሱቁ ምርጥ የብረት ዘንግ ገዝቶ ጥሩ መርፌ እንደሚሠራ፣ ለመሸጥ በጅምላ ለሚወስድ ደግሞ ጭማሪ እንደሚያደርግ ይናገራል። ዛሬ ገበያ ውስጥ ያለ ነጋዴ ከዚህ የሚጨምረው ብዙ ነገር የለም። የሱቅ ስም አለ፣ የንግድ ምልክት አለ፣ የጥራት ቃል አለ፣ ለአከፋፋይ የሚደረግ ማበረታቻም አለ። ጽሑፉ ማስታወቂያን የአውሮፓና የአሜሪካ ልጅ አድርጎ ሲያቀርብ ይህን ሰሌዳ በአንድ መስመር እንኳ አለማንሣቱ ትልቅ ጉድለት ነው።

ወደ አውሮፓ ስንመጣ ማስታወቂያን የወለደው ጋዜጣ አለመሆኑ ወለል ብሎ ይታያል። የወለደው መጽሐፍ ነው፤ ምክንያቱም ማተሚያ ቤት ለሠራ ሰው ግልጽ ነው። ቁም ጸሐፊ ብራናውን የሚዘረጋው አሠሪ ሲመጣለት ነው፤ መጽሐፉ ከማለቁ በፊት የማን እንደሆነ ይታወቃል። አታሚ ግን ወረቀቱን፣ ቀለሙንና የፊደል ለቃሚውን ደመወዝ አስቀድሞ አውጥቶ በመቶ የሚቆጠር መጽሐፍ አንድ ገዢ ሳያይ ያትማል። መጽሐፉ ካልተሸጠ ዕዳው አንገቱ ላይ ነው። በአውሮፓ የኅትመት አባት የሚባለው ጉተንበርግ ራሱ ከዮሐን ፉስት በተበደረው ገንዘብ ሲሠራ ቆይቶ በ1455 ፍርድ ቤት ቆሟል። ስለዚህ የማያውቁትን ገዢ ወረቀት ልኮ መጥራት ገና ከጅምሩ የግድ ሆነ።

የጉተንበርግ ባልደረባ የነበረው፣ በኋላም የፉስትን ልጅ ያገባው ፒተር ሾፈር በ1470 ገደማ ማይንዝ ላይ ያሳተመው አንድ ገጽ ዝርዝር ለዚህ ምስክር ነው። 20 ያህል መጻሕፍት በስም ይዘረዝራል። ግርጌው ላይ መዝሙረ ዳዊቱ በታተመበት ትልቅ ፊደል "የመዝሙረ ዳዊቱ ፊደል ይህ ነው" የሚል አንድ መስመር አለ፤ ገዢው ምን ዓይነት ኅትመት እንደሚደርሰው በዓይኑ አይቶ እንዲፈርድ ነው። ሻጩ ከከተማ ከተማ ስለሚዘዋወር ያረፈበትን ቦታ አስቀድሞ ማተም አይቻልም። በመሆኑም ሙኒክ ውስጥ በሚገኘው ቅጂ ላይ የመጽሐፉ ሻጭ "የዱር ሰው" በሚባለው የእንግዳ ማረፊያ እንደሚገኝ በእጅ ተጽፎበታል።

በእንግሊዝ ደግሞ ዊልያም ካክስተን አለ። ከብሩዥ ተመልሶ በ1476 ዌስትሚኒስተር ላይ ማተሚያ ቤት ከከፈተ ብዙም ሳይቆይ አንዲት ትንሽ ወረቀት አሳተመ፤ ቁመቷ 8፣ ወርዷ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሁለት ቅጂ ተርፏል፤ አንዱ ኦክስፎርድ፣ አንዱ ማንችስተር ይገኛል። መንፈሳዊም ሆነ ዓለማዊ ሰው የሳልስበሪ ቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት የተከተለውን፣ በዚሁ ወረቀት ፊደል የታተመውንና በሚገባ የታረመውን የአገልግሎት መመሪያ መግዛት ከፈለገ ዌስትሚኒስተር ቀይ ቀጥ ያለ ሰንበር ምልክት ካለበት ቤት ይምጣ፣ በርካሽ ያገኘዋል ይላል። ከሥሩ በላቲን "ወረቀቱ ባለበት ይቆይ እባካችሁ" የሚል ልመና አለ። ለጥፎ መሄድንና ለጣፊ ተከትሎ የሚመጣውን ቀዳጅ ካክስተን በሚገባ ያውቅ ነበር ማለት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ጋዜጣ የሚባል ነገር ገና 140 ዓመት ይቀረዋል።

ስለ 1836 እና ስለ ጋዜጣ ገንዘብ

ጸሐፊው ሁለተኛውን ትልቅ ስሕተት የሠሩት እዚህ ነው። ኤሚል ደ ዢራርደን በሐምሌ 1836 ላ ፕሬስ የተባለውን ጋዜጣ ማሳተም ሲጀምር የማስታወቂያ ገንዘብ የተቀበለ የመጀመሪያው ጋዜጣ ሆነ ብለዋል። ይህ አባባል በብዙ ቦታ ስለሚደጋገም ጸሐፊውን ብቻ አልወቅስም። ዢራርደን ያደረገው ግን ሌላ ነው። ፓሪስ ውስጥ የአንድ ጋዜጣ የዓመት ክፍያ 80 ፍራንክ ገደማ በነበረበት ጊዜ እርሱ በ40 ፍራንክ አቀረበ፤ ጎዶሎውን የሚሞላው ማስታወቂያ እንዲሆን ከመጀመሪያው አስልቶ ነው። አንባቢው ከዋጋው በታች እንዲከፍል፣ የአንባቢው ብዛት ደግሞ ለአስተዋዋቂ እንዲሸጥ አደረገ። ይህ ራሱን የቻለ ትልቅ ለውጥ ነውና በሚገባው ስሙ ይጠራ። የማስታወቂያ ክፍያ ግን ከእርሱ በፊት ሁለት ትውልድ አይደለም፣ ስድስትና ሰባት ትውልድ የኖረ ነገር ነው።

በ1657 ለንደን ውስጥ ማርቻመንት ኔድሃም ፐብሊክ አድቫይዘር የሚባል ሳምንታዊ ወረቀት አሳተመ። ዜና አልነበረበትም፤ ሙሉ በሙሉ ማስታወቂያ ነበር። የመርከብ ጉዞ፣ የሚከራይ ቤት፣ ሐኪም፣ የሥራ ፈላጊ ጥያቄ ተደርድሮ ይወጣበታል። በፓሪስ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ሐኪሙ ቴዎፍራስት ሬኖዶ ሥራ ፈላጊና አሠሪ፣ ሻጭና ገዢ እየተመዘገቡ የሚገናኙበት ቢሮ ከፍቶ ነበር፤ ተመዝጋቢው 3 ሱ (የፈረንሳይ ሳንቲም) ይከፍላል፣ ድሃ ግን በነጻ ይስተናገዳል። በ1633 የቢሮውን መዝገብ እያሳተመ ማውጣትም ጀመረ። ሬኖዶን በሙሉ ልቤ አደንቀዋለሁ፤ ማስታወቂያ ለድሃ ሊጠቅም እንደሚችል አስቦ በተግባር ያሳየ ሰው ነው። ጽሑፉ ፓሪስን አንሥቶ እርሱን መዝለሉ ይቆጫል።

በ1660 ዙፋኑን መልሶ የያዘው የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ እንኳ የጋዜጣ ማስታወቂያ ተጠቅሟል። መርኩሪየስ ፑብሊከስ የተባለው ጋዜጣ በዚያው ክረምት መጀመሪያ ላይ ባወጣው ቃል የተሰረቀ ጥቁር ውሻ ይፈለጋል፤ በደረቱ ላይ ካለችው ጭረት በቀር ነጭ የሌለበት፣ ጅራቱ ትንሽ ቆረጥ ያለ፣ የግርማዊነታቸው የራሳቸው ውሻ። ጽሑፉ በቁጣ ነው የሚያልቀው፤ ንጉሡን መዝረፍ አይተውምን፣ ውሻ እንኳ ማቆየት አይችልምን ብሎ ይጠይቃል። ማስታወቂያው "ደግመን እንጠይቃችኋለን" ብሎ መጀመሩን ልብ ይበሉ፤ ከዚያ በፊትም ወጥቶ ነበር።

ከሁሉ የሚያስረዳኝ ግን የለንደን ጋዜት የ1666 ማሳሰቢያ ነው። የመንግሥት ጋዜጣ ስለሆነ በየዕለቱ መጽሐፍና መድኃኒት አውጡልን እያሉ የሚያስቸግሩትን ሰዎች ይህ የዜና ወረቀት ሥራ አይደለም፣ የመንግሥት ጉዳይ ካልሆነ ማስታወቂያ አናወጣም፣ ለብቻው የማስታወቂያ ወረቀት ይታተማል ሲል መለሰላቸው። በር የሚንኳኳው አንኳኪ ሲበዛ ነው። ጋዜጣው ራሱም በዚያ ቃሉ አልጸናም፤ ከጊዜ በኋላ ማስታወቂያ ማውጣት ጀመረ።

ይህ ሁሉ ካላሳመነ ግብሩን እንይ። የእንግሊዝ መንግሥት በ1712 በእያንዳንዱ የጋዜጣ ማስታወቂያ ላይ 1 ሺሊንግ ግብር ጣለ። ግብሩ እያደገ ሄዶ በ1815 ሦስት ሺሊንግ ተኩል ደረሰ፣ በ1833 ወደ አንድ ተኩል ወረደ፣ በ1853 ተሠረዘ። መንግሥት ገንዘብ በሌለበት ግብር አይጥልም። ላ ፕሬስ ከመታተሙ 124 ዓመት ቀድሞ ማስታወቂያ ግብር የሚጣልበት የገቢ ምንጭ ነበር።

ስለ "ቅን መረጃ"

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ጸሐፊው የጥንቱ ማስታወቂያ አያጋንንም ነበር፣ ዕቃውን ጠርቶ ቦታውን ይናገርና ያበቃ ነበር ይላሉ። የካክስተንን ወረቀት ብቻ ላየ ሰው እውነት ይመስላል። እኔ ግን ለእኛ ቅርብ የሆነውን ወረቀት ላቅርብ፤ የቡናን።

በ1650ዎቹ መጀመሪያ ፓስኳ ሮዜ የሚባል፣ በዛሬዋ ቱርክ ካለችው ከሰምርኔስ ከተማ ከአንድ እንግሊዛዊ ነጋዴ ጋር የመጣ ሰው ለንደን ኮርንሂል አጠገብ ባለች ጠባብ መንገድ ላይ ቡና መሸጥ ጀመረ። በከተማው የመጀመሪያው ቡና ሻጭ እርሱ ነው። የቡናን ጥቅም የሚዘረዝር አንድ ገጽ በራሪ ወረቀት አሳተመ፤ ቅጂው እስከ ዛሬ አለ። ቡና እየጠጣ ያደገ ሰው ያን ወረቀት ሲያነብ መገረሙ አይቀርም። ቡና የሚበቅለው "በዐረብ በረሃ ብቻ" በትንንሽ ዛፎች ላይ ነው ብሎ ይጀምራል። በምድጃ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ ከምንጭ ውኃ ጋር ተፈልቶ ግማሽ ፓይንት (ሩብ ሊትር ገደማ) ያህል ይጠጣል፤ ከመጠጣት በፊት አንድ ሰዓት መጾም፣ ከጠጡም በኋላ አንድ ሰዓት ምግብ አለመቅመስ ያስፈልጋል፤ የቻሉትን ያህል ትኩስ አድርጎ መውሰድ ነው፤ አፍ አይልጥም፣ ውኃ አያስቋጥርም ይላል።

ከዚያ ፈውሱ ይጀምራል። ለራስ ምታት ይበጃል። ሪህን፣ የሰውነት እብጠትን፣ ስኮርቪን (ድድ የሚያደማውን የቫይታሚን እጥረት በሽታ) ይከላከላል፣ ያድናልም። ነፍሰ ጡር ሴት እንዳያስወርዳት ይጠብቃል። ለታመመ ዓይን ጥሩ ነው፤ ራስን ስኒው ላይ ደፍቶ እንፋሎቱን ቢቀበሉ ደግሞ የበለጠ ይሠራል። ቡና በሚዘወተርበት በቱርክ አገር ሰዎች የኩላሊት ጠጠርም ሪህም አያውቁም፤ ቆዳቸውም እጅግ የጠራና የነጣ ነው ይላል።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ዓረፍተ ነገር እውነት ነው። ቡና ድብታን ያባርራል፣ ለሥራ ያነቃል፤ ስለዚህ ለማምሸት ካላሰቡ በስተቀር ከራት በኋላ አይጠጡ፣ እንቅልፍ ለሦስት ወይም ለአራት ሰዓት ይከለክላልና ይላል። ይህን ማንኛችንም እንመሰክራለን። የወረቀቱ ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አንባቢው ያንን ምሽት ቡና ጠጥቶ እንቅልፍ ሲያጣ ወረቀቱ እውነት ተናገረ ይላል፤ በዚያ እምነት የቀረውንም ይቀበላል። ቅን መረጃና ውሸት በአንድ ገጽ፣ በአንድ ፊደል፣ በአንድ ሰው እጅ ታትመው ወጡ። ፋብሪካ የለም፣ ኩባንያ የለም፤ አንድ ትንሽ ነጋዴ ብቻ ነው።

ስለ "ዐረብ በረሃ ብቻ" አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በዚያ ዘመን ለገበያ የሚቀርበው ቡና ከየመን በሞካ ወደብ በኩል ይመጣ ስለነበር ሻጩ የመጣበትን ቦታ የበቀለበት ቦታ አድርጎ መገመቱ ይገባኛል። ነገር ግን ዓረቢካ የሚባለው ቡና በዱር የሚበቅለው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጥላማ ደን ውስጥ ነው፤ የየመኑም ቢሆን የሚለማው በደጋ እርከን ላይ እንጂ በረሃ ላይ አይደለም። "ብቻ" የሚለው ቃል የገባው ዕቃውን ብርቅ ለማድረግ ነው። አንድ በራሪ ወረቀት ቡናን ከአገሩ አውጥቶ ለአውሮፓ አንባቢ በሌላ አገር ስም አስተዋወቀው። የኢትዮጵያ ቡና በራሱ ስም እንዲሸጥ እስከ ዛሬ ለሚደክሙ ሰዎች ይህ ወረቀት ሊታወቅ የሚገባው ሰነድ ነው።

ሮዜ ብቻውንም አልነበረም። ከላይ ያነሣሁት ፐብሊክ አድቫይዘር በግንቦት 1657 ከአሮጌው የንግድ አዳራሽ ጀርባ የሚሸጥ ቡናን ሲያስተዋውቅ የጨጓራን አፍ ይዘጋል፣ የውስጥ ሙቀትን ያጠነክራል፣ መፈጨትን ይረዳል፣ ልብን ያቀላል ካለ በኋላ በሽታውን ይዘረዝራል፦ የዓይን ሕመም፣ ሳል፣ ጉንፋን፣ የሳንባ በሽታ፣ ራስ ምታት፣ እብጠት፣ ሪህ፣ ስኮርቪ፣ የአንገት እጢ ቁስል፣ "ሌሎችም ብዙ"። መጨረሻ ላይ ጧት እና ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ይሸጣል ይላል፤ ሰዓቱ በትክክል ተነግሯል። በሚቀጥለው ዓመት መርኩሪየስ ፖሊቲከስ በተባለው ጋዜጣ ላይ የወጣው የሻይ ማስታወቂያ ደግሞ ሻይ "ሐኪሞች ሁሉ የመሰከሩለት" መጠጥ ነው አለ። ሐኪም ስም ሳይጠሩ "ሐኪሞች ሁሉ" ማለት በእኛ ዘመን የተፈጠረ ብልጠት አይደለም።

በ1665 ለንደንን ወረርሽኝ ሲፈጃት ደግሞ የከተማው ምሰሶና ግድግዳ ከመቅሠፍቱ እናድናለን በሚሉ የመድኃኒት ሻጮች ወረቀት ተሸፈነ። ሰው በሺህ እየሞተ፣ ሀብታም ከተማውን ለቆ እየሸሸ፣ መሄጃ ያጣው ድሃ ያለችውን ሳንቲም ለማይጠቅም ክኒን ሰጠ። ይህን "ቅን መረጃ" ብሎ መጥራት በሟቾቹ ላይ ግፍ ነው።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ነገሩ ያረጀ ጥበብ ሆኖ ነበር። እንግሊዛዊው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን በጥር 1759 ባሳተመው አንድ መጣጥፍ ማስታወቂያ ከመብዛቱ የተነሣ ሰው በቸልታ እንደሚያልፈው፣ ስለዚህም በትልቅ ተስፋ ዓይን መሳብ ግድ እንደሆነ ጽፏል። የማስታወቂያ ነፍሱ ተስፋ፣ ትልቅ ተስፋ መስጠት ነው የሚለው የታወቀ ቃሉ የመጣው ከዚያ ነው። እዚያው የጠቀሰው አንድ ምሳሌ አለ። ጥርስ ለሚያበቅሉ ሕፃናት ሕመም ያስታግሣል የሚባል የአንገት ሐብል ሻጭ፣ ሐብሉን ሳትገዛ ልጇ የሞተባት እናት ለራሷ ይቅርታ አታደርግም እያለ ያስጠነቅቅ ነበር። የእናት ፍርሃት መሸጫ የሆነው ትልቁ ፋብሪካ ሳይመጣ፣ በእጅ በሚጎተት መኪና በታተመ ወረቀት ነው።

ለጸሐፊው ፍትሐዊ ልሁን። ቅን ሰዎችም ነበሩ፤ ግን ቅንነታቸው ከዘመኑ የመጣ ሳይሆን በገዛ ፈቃዳቸው የያዙት ነው። መድኃኒት ቀማሚው ጆን ሆውተን ከ1692 እስከ 1703 ባሳተመው የእርሻና የንግድ ወረቀት ላይ ማስታወቂያ ሲያወጣ የሚያውቀውን ሰው አውቀዋለሁ እያለ በራሱ ስም ይመሰክር ነበር። አሳታሚው ለሚያወጣው ቃል ተጠያቂ መሆን አለበት የሚለው አሠራር የሚያኮራ ጅምር ነው፤ ሥራዬ ብሎ የተከተለው ግን ጥቂት ነው። ጸሐፊው የጥንቱን ቅንነት ለማሳየት ከፈለጉ ሆውተንን በስም ቢጠሩት ኖሮ አብሬያቸው በቆምኩ።

ስለ ፍራንክሊንና ጽሑፉ ስለ ዘለለው ሸቀጥ

ፍራንክሊን በ1729 ፔንሲልቬንያ ጋዜትን ከያዘ በኋላ በማስታወቂያዎች መካከል ክፍት ቦታ መተዉ፣ ርእሱን ጎላ ማድረጉ፣ የመርከብና የመሳሰለውን ትንንሽ ሥዕል መጨመሩ ልክ ነው። የገጽ አቀማመጥን አሻሽሏል፤ ማስታወቂያን አልፈጠረም። እዚህ ላይ ክርክሬ አጭር ነው።

የማያልፈኝ ሌላው ነው። ጽሑፉ የጥንት ማስታወቂያ ሸቀጦችን ሲዘረዝር ቡና፣ ሻይ፣ መጽሐፍ፣ ጨርቅ፣ መርከብ ይላል። ሰው የለበትም። ቦስተን ኒውስ ሌተር ሥራ በጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ መጀመሪያ 1704 በወጣው እትሙ፣ ሁለት ጥቁር ወንዶች፣ አንዲት ሴትና አንድ ልጅ በአንድ ነጋዴ ዘንድ እንደሚሸጡ አስታውቋል። በሰሜን አሜሪካ ጋዜጣ ላይ የወጣ የመጀመሪያው የባሪያ ሽያጭ ማስታወቂያ እንደሆነ የሚታወቀው ይህ ነው። ጸሐፊው እንደ ክብረ በዓል ያቀረቡት ጋዜጣና ይህ ገጽ አንድ ናቸው። የፍራንክሊን ጋዜጣም ሰው ይሸጣል የሚል፣ ሰው ጠፋብኝ የሚል ማስታወቂያ ክፍያ እየተቀበለ ለዓመታት ሲያወጣ ኖሯል፤ ፈላጊና ገዢ ማተሚያ ቤቱ ድረስ መጥቶ እንዲጠይቅ የሚያደርጉም ነበሩ። ስለዚህ አታሚው ወረቀት ብቻ አልሸጠም፣ በሽያጩ መካከል ደላላ ሆኖ ቆሟል።

ለንደንም ከዚህ ንጹሕ አልነበረችም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ18ኛው የወጡ የእንግሊዝ ጋዜጦች አንገታቸው ላይ የጌታቸው ስም የተቀረጸበት የብረት ወይም የብር ቀለበት ስለ ነበረባቸው የጠፉ አፍሪካውያን ልጆች ያወራሉ። የመልካቸው ምልክት፣ የለበሱት ልብስ ቀለም፣ የሚናገሩት ቋንቋ በዝርዝር ይጻፋል፤ ላመጣ ወሮታ ይቀመጣል። በ1660 የንጉሡ ውሻ የተፈለገበት አጻጻፍ ይኸው ነው፤ ለሰው ሲውል ምንም አልተለወጠም።

እነዚህ ማስታወቂያዎች ለባለቤቶቹ ጥቅም ቢወጡም ዛሬ ሌላ አገልግሎት ይሰጣሉ። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በብሪታንያ ጋዜጦች ላይ ከ1700 እስከ 1780 የወጡ ከ800 በላይ የአምላጭ ባሮች ማስታወቂያዎችን ሰብስበው ለሕዝብ ክፍት አድርገዋል። በሌላ መዝገብ ስማቸው የማይገኝ ሰዎች ምን ያህል እንደነበሩ፣ በስንት ዓመታቸው እንዳመለጡ፣ ምን ሥራ ያውቁ እንደነበር የሚታወቀው ከነዚህ ጥቂት መስመሮች ነው። ሻጩ ሊይዛቸው የጻፈው ቃል እምቢ ማለታቸውን መዝግቦ አስቀመጠ። ታሪክ ጸሐፊ ስለ ጥንታዊ ማስታወቂያ ሲጽፍ ከቡናውና ከሻዩ እኩል ይህን ማንበብ ግዴታው ነው።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን ሲያበቁ ሁለተኛ ክፍል እንደሚከተል ቃል ገብተዋል። በዚያ ላይ የቦስተኑን ጋዜጣ ዳግም የሚያነሡት ከሆነ የሚያዝያውን ጥሪ ብቻ ጠቅሰው እንዳያቆሙ፣ የሰኔውንም እትም ከጎኑ እንዲያደርጉት እጠይቃቸዋለሁ።